አትክልትና የእንግዳው ልብስ

አትክልት ዳኜን ያገባችው በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ በሃያ ዓመቷ ነበር። እናቷ ቀደም ብለው ስላረፉ ለሠርጓ ያሰናዷት አክስቷ ናቸው። በሠርጉ ዋዜማ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተቱ የሰጧት ምክርም አንድ ብቻ ነበር።

«ከባልሽ ጋር ብትከራከሪ ትታረቂያለሽ። የባልሽን ዘመድ ግን እሺ በያቸው። እሺ ማለት ጉልበት አይጨርስም። እነሱ ተናግረው ይሄዳሉ፤ አንቺ ቤትሽ ውስጥ ትቀሪያለሽ።»

አትክልት ምክሩን አጥብቃ ያዘች። ሦስት ዓመት በደንብ አገለገላት። በአራተኛው ዓመት ግን ያው ምክር ጠልፎ ሊጥላት ደረሰ።

ዳኜ ጎበና የሰበታ ቴሌፎነኛ ነው። ከጅማው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ገመዱን ካንዱ ቀዳዳ እየነቀለ ሌላው ላይ እየሰካ፣ «ሃሎ አዲስ አበባ! ሃሎ ጅማ!» ሲል ይውላል። ቀኑን ሲጮህ ስለሚውል እቤቱ ሲገባ ዝምተኛ ነው። የተከራዩት ቤት ከመሥሪያ ቤቱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ በኦቦ ባጫ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ከፊት መደብ ያለው ሰፋ ያለ ክፍል፣ ከኋላ አንድ ጓዳ። ጓዳው አራት እርምጃ በሦስት ነው። ጧት ፀሐይ የምትገባበት መስኮት አለው። አትክልት ቤቱን መጀመሪያ ስታይ ልቧ የወደደው ያንን መስኮት ነበር።

መስኮቱን ያየችው ግን ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የዳኜ ወላጆች ቤት ከተጂ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ገባ ብሎ፣ በበቾ ሜዳ ላይ ነው። ሰበታ ደግሞ በተጂና በአዲስ አበባ መሐል ናት። ዳኜ ትዳር እንደያዘ ዘመድ ሁሉ ያለ ስብሰባ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ። ለችሎት የሚቀርብ፣ ለሐኪም የሚሄድ፣ ለቀስተኛ፣ ጠበልተኛ፣ ማንም ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የሚያድረው ዳኜ ቤት ይሆናል። ለዚህም አማቷ ወይዘሮ ተረፈች የቤተሰቡን የእንግዳ ልብስ በጭነት መኪና አስጭነው ላኩ። ስድስት ጋቢ፣ አራት ቡልኮ፣ ሁለት ባና፣ አንድ ቀይ ብርድ ልብስና በጭድ የተሞሉ ሦስት ፍራሾች ነበሩ። ከቡልኮዎቹ አንዱ የሟቹ የአማቷ የአቶ ጎበና ነው። ክምሩ ጓዳውን ሞልቶ መስኮቱን ጋረደው።

ከልብሱ ጋር ምክሩም መጣ።

«ከእሳት በላይ ቆጥ አሠሪና እዚያ ላይ አውጪው» አሉ ወይዘሮ ተረፈች። «ጭስ የገባበትን ልብስ ብል አይቀርበውም። እኔ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው ያኖርኩት።»

«እሺ፣ እሜቴ።»

ዳኜ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆጥ ሠራ። ልብሱ ወጣ። ብል አልነካውም። ሰኔ ላይ ግን አንድ የተጂ ባለጉዳይ አንዱን ጋቢ ተከናንቦ አድሮ፣ እሱኑ ለብሶ ችሎት ቢገባ የበሩ ዘበኛ አሸተተውና፣ «ያንተ ክስ የቤት ቃጠሎ ነው?» አለው። ሰውዬው ያመጣው የድንበር ክስ ነበር። ሲመለስ ጋቢውን አትክልት እጅ ላይ አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ ሌላ ጊዜ ስመጣ የራሴን ይዤ እመጣለሁ» ብሏት ሄደ። አይጥም በቀዩ ብርድ ልብስ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ተገኘች።

ከዚያ ደግሞ የዳኜ ታላቅ እህት የሺወርቅ ከቡራዩ መጣች። ባሏ ባለሱቅ ነው፤ ለሁሉም ነገር ሱቅ ውስጥ መድኃኒት አለ ብላ ታምናለች።

«ዛሬ በጭስ ዘመን ነው እንዴ ያለነው? እማዬ የድሮ ሰው ናት፣ አትስሚያት። የብረት ሳጥን እልክልሻለሁ። ከረሜላ የምታክለውን ነጯን የብል መድኃኒት እየበተንሽ ታጣጥፊና ትቆልፊዋለሽ።»

«እሺ፣ እትዬ የሺ።»

ሳጥኑ መጣ። ሐምሌ ላይ ብረቱ በላብ ተጠመቀና የታችኛው ቡልኮ ሻገተ። በመድኃኒቱ ሽታ ራሷን ያመማት አንዲት ለቀስተኛ ደግሞ ልቅሶ ቤት ደርሳ ከሟች ዘመዶች በላይ አለቀሰች።

የሁለቱም ምክር ሥራውን እንዳልሠራ አትክልት አየች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። አማቷ ሲመጡ ሁለት ቡልኮ ቆጡ ላይ ትሰቅላለች። የሺወርቅ ስትመጣ እነዚያኑ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ትከታለች። «እንዳልኩሽ አደረግሽ?» ሲሏት፣ «እሺ» ትላለች። እነሱ ሲሄዱ ሁሉም ተመልሶ ጓዳው ውስጥ ይከመራል። ኦቦ ባጫ ልብሱ በግቢው ውስጥ ሲመላለስ አይተው፣ «ይኼ ቡልኮስ ከእኔ በቅሎ ይበልጥ መንገድ ያውቃል» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜም ነገሩ በእሺ አለፈ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ እናት ከሌለች በአማት ቤት። በሃምሳ አምስት ነሐሴ ላይ ተጂ ወረደች። በዚያ ሳምንት በቾ ውሃ ተኛበት፤ ከቤቱ እስከ መንገዱ ያለው ሜዳ ሐይቅ ሆነ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። አዋላጇ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ ወይዘሮ ተረፈችም ዓይናቸውን ሳይከድኑ ሰነበቱ። ወንዱ ልጅ ተወልዶ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ተነፈሰ። ውሃው የጎደለው በአምስተኛው ቀን ነው። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ስለዚያ ቀንም ማንም አላወራም።

በሃምሳ ሰባት እንደገና አረገዘች። ቀኗ ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜን ላይ ይውላል። ለፋሲካ ተጂ ሲሄዱ ወይዘሮ ተረፈች ዘመድ በተሰበሰበበት እንዲህ አሉ፦

«ሐምሌ ሲጋመስ መጥቼ እወስድሻለሁ። እናንተ ቤት እንደሆነ ልብስ እንጂ ሰው የሚተኛበት ቦታ የለም፤ አራስ የት ትጋደማለች?»

«እሺ፣ እሜቴ።»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷ ሰማችው። ይኼ የቆጥና የሳጥን እሺ አልነበረም። አማቷ አዋላጇን ነገሩ፣ የገንፎውን እህል አስፈጩ፣ ቅቤውን አነጠሩ።

ወደ ሰበታ ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ለዳኜ ነገረችው።

«እኔ ተጂ አልወልድም።»

«እሺ አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። ጓዳችን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው የምወልደው። ነገር ቢከፋ አንተ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነህ። አንድ ጊዜ ሃሎ ብትል ካዲስ አበባ መኪና ይመጣል። ከተጂ ማንን ሃሎ ትላለህ?»

ዳኜ በመስኮት ወደ ውጪ አየ። ሜዳው ገና ደረቅ ነበር።

«ልክ ነሽ» አለ። «እማዬንስ ማን ይነግራታል?»

«አንተ ነሃ! እናትህ አይደሉ?»

«ቴሌፎን ቢኖራት እነግራት ነበር» አለ ዳኜ። ቀልዱን አልነበረም።

እንግዲህ ነገሩ በአትክልት ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ጓዳው ባዶ መሆን ነበረበት። ልብሱን ለሰው ሰጥታ፣ ወይም ወደ ተጂ መልሳ ሳይሆን፣ እዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ቦታ አግኝታ። ቆጡን ታውቀዋለች፤ ሳጥኑንም ታውቀዋለች። ግንቦትን ሙሉ እያጣጠፈች እየዘረጋች ስታስብበት ከረመች።

መላውን ያገኘችው ለዳኜ ምሳ ይዛ የሄደች ቀን ነው። መስመር ተበላሽቶ ሥራ ፈቶ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ባለ አንድ ወፍራም የፖስታ ከረጢት ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

«የሰው ደብዳቤ ላይ ትቀመጣለህ?» አለችው ደንግጣ።

«ኧረ ደብዳቤ አይደለም። ባዶ ከረጢት ነው። ሃያ የሚሆኑ ባዶ ከረጢቶች አጣጥፈን አንዱ ውስጥ ከተን ነው የምናስቀምጠው። ቦታ አይዝም፣ አቧራ አይገባበትም፣ እኛም እንቀመጥበታለን። ነይ፣ ሞክሪው።»

አትክልት ተቀመጠች። ተነስታ እንደገና ተቀመጠች። ሰሐኑን ሳትወስድ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ አቡጀዲ ገዛች። በአራት ቀን አራት ትልልቅ ከረጢት ሰፋች፤ አፋቸው በቁልፍ የሚዘጋ፣ ስፋታቸው በመደቡ ስፋት ልክ የሆነ። ልብሱን ሁሉ በእንዶድ አጠበች። የሰኔ ዝናብ ሳይጠና ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ አገኘች። በየእጥፉ መሐል የደረቀ አሪቲና ጠጅ ሳር አደረገች። ፍራሾቹን ይዛ ስትጨነቅ ያዩዋት ኦቦ ባጫ ናቸው።

«ነጋ ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ? ደህና አደርሽ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ፍራሹ፣ ኦቦ ባጫ። ከረጢት አይገባልኝም።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ጫፍ ፍራሹን ጎነተሉት። የዳኜ አባት የድሮ ወዳጅ ስለነበሩ በቤቱ ጉዳይ መናገር ይችላሉ፤ ግን ሲጠየቁ ብቻ ነው የሚናገሩት።

«ጭድ ምን ያደርግልሻል ዓመቱን ሙሉ? አውጪው፣ ለላሜ ስጪያት። ጨርቁን አጣጥፈሽ አስቀምጪ። እንግዳ ሲመጣብሽ ከእኔ ክምር አዲስ የጤፍ ጭድ ትሞይዋለሽ። እንግዳም አዲስ ጭድ ላይ ሲተኛ ነው የሚያምርበት።»

እንዲህ ሆኖ ሦስቱ ፍራሾች አንድ ክንድ የማትሞላ ጥቅል ሆኑ። አትክልት መደቡ ላይ ጣውላ አነጠፈች፤ ከጭቃው እርጥበት እንዳይወጣ ነው። በላዩ አራቱን ከረጢቶች ደረደረች፣ በባለቀለም ጨርቅ ሸፈነቻቸው። የፊተኛው ክፍል በአንድ ቀን የሹም ቤት መሰለ። ጓዳው ባዶ ቀረ። በነጭ አፈር ለቀለቀችው፤ ጧት ፀሐይ ስትገባ ግድግዳው ብርሃኑን ወደ ፊተኛው ክፍል መልሶ ይጥላል።

የቀረው የአቶ ጎበና ቡልኮ ነበር። የሟች ልብስ ነውና እንደ ሌላው አይታይም፤ ሰው ሊቀመጥበት አይገባም። ቢሰቀል ይጨሳል፣ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ይሻግታል። በንጹሕ አቡጀዲ ለብቻው ጠቀለለችውና፣ ለጊዜው ብላ ሦስተኛው ከረጢት ውስጥ ከታች አስገባችው። ለጊዜው ያለችው ሳምንት አለፈው፤ ከዚያ ወር ሆነው።

ሐምሌ አሥራ አራት ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ተረፈች ጭቃ የረገጠ እግራቸውን ደጃፉ ላይ ታጥበው ገቡ። ከኋላቸው የሺወርቅ ነበረች፤ እናቷ ልከውባት፣ ዕቃ ለማሸግ ልታግዝ ማታውን አዲስ አበባ አድራ መጥታ ከመኪናው ተቀብላቸዋለች። ዳኜ ጉልበት ስሞ አገላብጦ ከሳማቸው በኋላ፣ «መስመር ይጠብቀኛል» ብሎ ወጣ። አትክልት በዓይኗ ተከተለችው። አልዞረም።

«ይቀመጡ፣ እሜቴ።»

ወይዘሮ ተረፈች ሦስተኛው ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ወዲያ ወዲህ እያሉ አመቻቹት።

«ይኼን የመሰለ መደብ ከየት አመጣችሁ? እንዴት ይመቻል! ወገቤ ከጧት ጀምሮ በዚያ አውቶቡስ ሲነቀነቅ ነበር።»

«ተደግፈውም ይዩት፣ እሜቴ።»

ኦቦ ባጫ ድምፅ ሰምተው ብቅ አሉ። «ነጋ ቡልተኒ፣ ወይዘሮ ተረፈች! በቾ እንዴት ናት?»

«ውሃ ልትሆን ነው እንጂ ምን ትሆናለች። ይግቡ፣ ኦቦ ባጫ። እኔስ ዛሬውኑ ይዣት ልመለስ ነው። የስምንት ሰዓቱ መኪና እንዳያመልጠን።» ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንቺ ምን ትገተሪያለሽ? ከእንግዳው ልብስ ሁለት ጋቢና አንድ ባና አውጪ። ለመንገድ ትደርበዋለች» አሉ።

የሺወርቅ ጓዳ ገባች። ወዲያው ተመለሰች፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

«እማዬ፣ ልብሱ የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጓዳው ባዶ ነው! ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ሳጥኔን ብከፍተው በርበሬ!»

ወይዘሮ ተረፈች ቀስ ብለው አትክልትን አዩዋት።

«አትክልት። ያን ሁሉ ልብስ ሸጣችሁት?»

«ኧረ አልተሸጠም፣ እሜቴ። እዚሁ ነው ያለው።»

«የት?»

«የተቀመጡበት ነው።»

ወይዘሮ ተረፈች እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አሉ። የሺወርቅ ባለቀለሙን ጨርቅ ገለጠች፣ የአንዱን ከረጢት ቁልፍ ፈታች፣ እጇን አስገባች። ነጭ ጋቢ ወጣ።

«ሰው ፊቱን የሚከናነብበትን ልብስ መቀመጫ አደረግሽው?» አለች። «ይኼ ነው እንግዲህ የእኔ ምክር?»

ወይዘሮ ተረፈች ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስቡት። «የጎበናስ ቡልኮ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አትክልት ወደ ከረጢቶቹ ዞረች። «እሱም አለ።»

«የቱ ጋ?»

ባገጯ ሦስተኛውን ከረጢት አመለከተች።

«እኔ ከተቀመጥኩበት?»

«ለብቻው ጠቅልዬው ነበር፣ እሜቴ። ላነሳው ነበር። የማኖርበት አጥቼ…»

«ወይኔ ተረፈች! ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው! ልብሱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩበት!»

ኦቦ ባጫ ከበሩ ሥር ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ወይዘሮ ተረፈች፣ ወዳጄ ጎበና በሕይወት ሳለም እኮ ሲቀመጡበት ዝም ነበር የሚለው።»

ከዚያ የሺወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወሸቀች። ወይዘሮ ተረፈች ሽማግሌውን ሊቆጡ ዞሩ፤ ቁጣው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ፊታቸው ላይ ተበላሸ።

«አንቱ ሰውዬ፣ እግዜር ይይልዎት!» አሉ።

አትክልት ጥቅሉን ከከረጢቱ ግርጌ አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ወይዘሮ ተረፈች ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ዘረጉት። ጫፉን ከጫፍ ዳሰሱት። አንድም ቀዳዳ አልነበረበትም። አሸተቱት፤ ጭስም፣ ሻጋታም አይሸትም፤ አሪቲ ነው። መልሰው አጠፉት።

«ደረቅ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ልብሱን ለልጃቸው ሰጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይሁን። ልጅ ናት፣ አጠፋች፣ አለፈ። አሁን ሻንጣሽን አምጪ፤ ጊዜው እየሄደ ነው።»

አትክልት ሻንጣዋን አላመጣችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። አፏ እንደለመደው እሺ ሊል ሲሰናዳ ተሰማት።

«እሜቴ፣ አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«እዚህ ነው የምወልደው። ጓዳው ባዶ ሆኗል።»

«ለፋሲካ በሰው ፊት እሺ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። እሺ ያልኩት ግን ከልቤ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ተረፈች ምራታቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት። «ቆጡንስ? ቆጡ ላይ ሰቅዬዋለሁ ስትይኝ?»

«እርስዎ የሚመጡ ቀን ብቻ ነበር የምሰቅለው።»

«የእኔ ሳጥንስ?» አለች የሺወርቅ።

«አንቺም ስትመጪ ነው፣ እትዬ የሺ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ? ስንቱ እሺሽ ነው እውነት?»

አትክልት አሰበች፤ መዋሸት አልፈለገችም። «ከአሥሩ ሦስቱ» አለች።

ኦቦ ባጫ ወደ ከዘራቸው አቀረቀሩ። ወይዘሮ ተረፈች አልሳቁም። ድምፃቸው ሲወጣ ያረጀ ድምፅ ነበር።

«ያን ጊዜ ውሃውን እኔ አላመጣሁትም፣ አትክልት።»

ስለዚያ ቀን በሁለት ዓመት ውስጥ የተነገረ የመጀመሪያው ቃል ነው። አትክልት ቀርባ እጃቸውን ያዘች።

«አላመጡትም። አውቃለሁ። እርስዎ ባይኖሩ እኔም አልተርፍም ነበር። ግን እሜቴ፣ ውሃው ዘንድሮም ይመጣል።»

«አዋላጇን ለውጫለሁ። እጇ የተመሰገነች ናት። ያቺን አይደለም የምጠራው።»

«እሷስ ቤቷ ከሜዳው ማዶ አይደለም?»

ወይዘሮ ተረፈች እጃቸውን አላቀው ወደ ጓዳው ሄዱ፤ በሩ ላይ ቆሙ። ከውጪ ደመናው ተከፍቶ ነበርና የተለቀለቀው ግድግዳ ፊታቸውን አበራው። ገብተው በእርምጃቸው ለኩ፣ አራት በሦስት። በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው የቴሌፎን ቤቱን ጣራ አዩ። ምሰሶውን በእጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉ።

«ይኼ ምሰሶ አይበቃም» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «የምታምጥ ሴት ከላይ የምትይዘው ገመድ ያስፈልጋታል። ኦቦ ባጫ! የበቅሎ ጠፍር አይጠፋዎትም፣ ያውሱን። ወፈር ያለ ይሁን። በዚህች ስንጥቅ ደግሞ ነፋስ ይገባል፤ ዛሬ ትመረግ።»

«ታድያ ልትቆዪ ነው እንዴ፣ እማዬ?» አለች የሺወርቅ።

«እኔ እንጂ ማን ያርሳታል? የምትሄጅው አንቺ ነሽ። የገንፎው ዱቄት፣ ቅቤው፣ ሁሉም ተጂ ተሰናድቶ ነው ያለው። የስምንት ሰዓቱ መኪና እንዳያመልጥሽ።»

«እኔ? በዚህ ጭቃ? አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ?»

«እሺ በይ!» አሉ እናቷ። የዚያን ቀን አትክልት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

ልጅቱ የተወለደችው ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስትደርስ ነው። በሰበታ ሐኪም ቤት የምትሠራ አዋላጅ መጥታ ነበር፤ ወይዘሮ ተረፈች አጠገቧ ቆመው እንዴት መያዝ እንዳለባት ሲመክሯት አደሩ። መኪና መጥራት አላስፈለገም። ዳኜ ግን ጧት ማዳመጫውን ደፍቶ አዲስ አበባን ሦስት ጊዜ ጠርቶ፣ «መስመሩን እየሞከርኩ ነው» ብሎ ነበር። ስሟን ሮማነወርቅ አሏት።

ወይዘሮ ተረፈች እስከ ክርስትናው ድረስ ሰማንያውን ቀን ቆዩ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ምክራቸው አልነጠፈም፤ ስለ ገንፎው ውፍረት፣ ስለ ልጅቱ አንገት፣ ከረጢቶቹ ፀሐይ ስለሚወጡበት ቀን ሳይቀር። ቅዳሜ ሳይሆን ሐሙስ ይሻላል አሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ደጅ ላይ ያየ ሁሉ ይመኘዋል። አትክልት አሰበችበትና እሺ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሆነ። ገንፎውን በሚመለከት ግን አይሆንም አለች።

ለክርስትናው ከተጂ ዘጠኝ ሰው መጣ። ፍራሾቹ በአዲስ የጤፍ ጭድ ተሞሉ፣ ከረጢቶቹ ተከፈቱ፣ ለሁሉም ተዳረሰ። በማግስቱ ጧት አንዲት የበቾ ጎረቤት፣ ትናንት የተኛችበትን ጋቢ እያጠፈች ወደ ወይዘሮ ተረፈች ጠጋ አለች።

«ተረፈች፣ ምራትሽ ቃል ትመልሳለች አሉ። እውነት ነው?»

«ትመልሳለች እንጂ! ፊት ለፊት አይሆንም ትለኛለች።»

«ቻልሽው?»

«ምን ላድርግ? እሺ ስትለኝም አሁን አምናታለሁ።» ወይዘሮ ተረፈች ወደ ጓዳው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አትክልት! ልጅቱን ከመስኮቱ አርቂያት፣ ብርድ ይመታታል!»

«አይ፣ እሜቴ፣ ፀሐይ ትሙቅ» የሚል መልስ ከውስጥ መጣ።

«ሰማሽ?» አሉ ጎረቤታቸውን፤ ድምፃቸው ግን ክስ አይመስልም ነበር።